ያልተፈተነ ዳሌ፦ ከዴንቨር እስከ አውሮራ የአንድ ልኬት ታሪክ

በ1979 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋትሰን ቦውስና ስቱዋርት ቴይለር የተባሉ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በመቀመጫው የመጣ ጽንስ በምን መንገድ ቢወለድ እንደሚሻል የመረመሩበትን ጥናት ከዴንቨር አሳተሙ። የጥናቱ ርእስ ራሱ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ አንደኛው አወላለዱ ለሕፃኑ የሚያስገኘው ውጤት ሲሆን፣ ሁለተኛው በእናቲቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ያን ጊዜ ይህ አቀራረብ ማንንም የሚያስገርም አልነበረም። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን በመላው አሜሪካ የሚዛኑ ሁለተኛ ጎን ከዓይን ርቆ፣ በመቀመጫ የመጣ ጽንስ ማለት የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ማለት ሆነ። አብሮ የተረሳው ደግሞ ከምጥ በፊት የእናቲቱን ዳሌ በምስል የመለካት ልማድ ነው።

የልኬቱን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ የወሊዱን አካሄድ ማየት ያስፈልጋል። ቀኑ ደርሶ ከሚወለዱ መቶ ሕፃናት ሦስቱ ወይም አራቱ ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ፣ መቀመጫቸውን ወደ ታች አድርገው ምጡን ይጠብቃሉ። ጭንቅላቱ ቀድሞ በሚመጣበት ወሊድ ፈታኙ ምጡ ራሱ ነው። ትልቁና ጠንካራው የሕፃኑ አካል በአጥንቱ መተላለፊያ ያልፍ ወይም አያልፍ እንደሆነ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይለያል፤ ካላለፈም ወደ ኦፕራሲዮን ለመዞር ጊዜ ይኖራል። በመቀመጫ በሚመጣ ወሊድ ግን ፈተናው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ገላው ከወጣ፣ እትብቱም ከተጨነቀ በኋላ ጭንቅላቱ ቢያዝ፣ የሚቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

ቀደም ሲል በምጥ የወለደች ሴት በዚህ ነገር ማስረጃ አላት፤ ዳሌዋ አንድ ሕፃን አሳልፏል። የበኩር ልጇን የምትወልድ ሴት ግን እንዲህ ያለ ምስክር የላትም። ሐኪሞች «ያልተፈተነ ዳሌ» የሚሉትም ይህንኑ ነው። የዳሌ ምስል ታሪክ በአብዛኛው፣ ምስክር ለሌለው አጥንት ምስክር የመፈለግ ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ፍለጋው ከራጅ በፊት የጀመረ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፓሪሱ ቦድሎክ ዳሌን ከውጭ በሚለካ መቀሥ መሰል የብረት መሣሪያ ስማቸው ታውቋል። ከዚያ በኋላም ሐኪሞችና አዋላጆች በጣታቸው ከውስጥ እየዳሰሱ መገመትን ተማሩ። ሮንትገን በ1895 ራጅን ካገኙ በኋላ ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይቆይ የዳሌ ፎቶ ማንሳት ተሞከረ። በ1933 የኒውዮርኮቹ ካልድዌልና ሞሎይ የሴቶችን ዳሌ በአራት ቅርጽ የመደቡበትን ሥራ አወጡ፤ ምደባው ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት አለ። ከአራቱ ስሞች አንዱ «ዝንጀሮ መሰል» ወደሚል ትርጉም የሚወስድ መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ ግን ተገቢ አይሆንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዳሌን በዘር የመደቡት ሰዎች የተዉት ቅሪት በሕክምናው ቋንቋ ውስጥ ቆይቷል። ሴንቲ ሜትር ዘር ባያውቅም ሴንቲ ሜትሩን የሚያነበው ሰው ያውቅ ነበርና፣ የጥቁር ሴት ዳሌ ከመለካቱ በፊት የተፈረደበት ጊዜ ነበር።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የዳሌ ራጅ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የተለመደ ነገር ሆነ። በዴንቨር ቴይለር ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲውን የማኅፀንና የጽንስ ክፍል ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል መሩ፤ በመላ አገሪቱ የሚነበብ የማዋለድ ሕክምና መማሪያ መጽሐፍም አዘጋጁ። በዚሁ ተቋም ሉላ ሉብቼንኮ የተባሉት የሕፃናት ሐኪም በ1963 አንድ ሕፃን ለተወለደበት ሳምንት ክብደቱ በቂ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየውን የታወቀውን የእድገት መስመር አወጡ። በመቀመጫ ለሚመጣ ወሊድ ይህ የጥያቄው ሌላው ግማሽ ነው፤ ዳሌ ብቻውን ሰፊ ወይም ጠባብ አይባልም፣ የሚያልፍበት ሕፃን ልክ መታወቅ አለበትና። የሉብቼንኮን መስመር በኋላ የተቹት ሊቃውንት ዴንቨር 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ ሕፃናቷ በባሕር ጠለል ከሚወለዱት ትንሽ ይቀልላሉ ብለዋል። የኮሎራዶዋ አንትሮፖሎጂስት ሎርና ሙር ከባልደረባቸው ጋር ያደረጉት ጥናትም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የልደት ክብደት 100 ግራም ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዴንቨርም በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ ተወልዶ ዴንቨር ለሚኖር አንባቢ ይህ የቅርብ ወሬ ነው።

ራጁን ከክብሩ ያወረደው ምርምር የመጣው ከማዋለጃ ክፍል አልነበረም። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት በካንሰር የሞቱ ሕፃናት ለምን እንደታመሙ ሲመረምሩ ማንም ያላሰበውን አደረጉ፤ እናቶቹን ጠየቁ። ከመልሶቹ መካከል በእርግዝና ጊዜ ሆዳቸውን ራጅ የተነሡ እናቶች ጎልተው ወጡ፤ አደጋው በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ታየ። ስቱዋርት ለዓመታት ሲተቹ ቆዩ። በ1962 ማክማሆን በአሜሪካ ያደረጉት ጥናት፣ መጠኑን ዝቅ ቢያደርገውም አቅጣጫውን አጸናው። በሌላ በኩል፣ ጭንቅላታቸው ቀድሞ ለሚመጣ ጽንሶች የሚደረግ የዳሌ ራጅ ኦፕራሲዮንን ከማብዛት በቀር ለሕፃኑም ለእናቲቱም የሚታይ ጥቅም እንዳላመጣ ሙከራዎች አሳዩ። ምጡ ራሱ በሚፈትንበት ቦታ ሌላ ፈታኝ መጨመር ጥቅሙ አነስተኛ መሆኑ አያስደንቅም። ስሕተቱ የተፈጠረው ይህ ፍርድ ያለ ብዙ ክርክር በመቀመጫ ወደሚመጡትም ሲተላለፍ ነው። እዚያ እኮ ምጡ አስቀድሞ አይፈትንም።

ጥያቄው ለየብቻው ሊመረመር ይገባ እንደነበረ በ1980 የታተመ የሎስ አንጀለስ ጥናት ያሳያል። ኮሌያና ባልደረቦቻቸው ቀናቸው ደርሶ ጽንሳቸው በመቀመጫ የመጣ 208 እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። በምጥ እንዲወልዱ ከተመደቡት መካከል የዳሌ ራጅ በረኛ ሆኖ ቆመ፤ ብዙዎቹ ልኩ አይበቃም ተብለው ወደ ኦፕራሲዮን ተመለሱ፣ 60ዎቹ ግን በምጥ ወለዱ። በኦፕራሲዮን ከወለዱት እናቶች ግማሽ ያህሉ የጤና ችግር ሲገጥማቸው፣ በምጥ ከወለዱት የገጠማቸው ከዐሥር አንድ እንኳ አይሞሉም። በሕፃናቱ በኩል ግን በምጥ ከተወለዱት ሁለቱ የክንድ ነርቭ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ሚዛኑ ይህን ይመስል ነበር፤ ሁለቱም ጎኖች ክብደት ነበራቸው።

አገሪቱ ግን ውጤቱን አልጠበቀችም። በ1970 በመቀመጫ ከመጡት ጽንሶች በኦፕራሲዮን የተወለዱት 12 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ1978 60 በመቶ ደረሱ። በ1980 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የምክክር ጉባኤ፣ ሕፃኑ ከመጠን በላይ ካልከበደ፣ ዳሌው በቂ ከሆነና ልምድ ያለው ሐኪም ካለ በምጥ ማዋለድ ተቀባይነት እንዳለው ተናገረ። ከሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች መጀመሪያ እየጠፋ የነበረው ግን የመጨረሻው ነበር። እጅ የሚሠለጥነው በሥራ ነውና፤ ሥራው ሲቀንስ አስተማሪዎቹ ጡረታ ወጡ፣ ተማሪዎቹም ያላዩትን ማድረግ አልቻሉም። የክስ ፍርሃትም የራሱን ድርሻ አበረከተ።

ታሪኩ ወደ አውሮፓ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው፤ ጨረር የሌለው ኤምአርአይ ለጥያቄው ሁለተኛ ዕድል የሰጠው እዚያ ነውና። በ1997 ቫን ሎንና ባልደረቦቻቸው በኔዘርላንድ 235 እናቶችን አጠኑ። ሁሉም ዳሌያቸውን በኤምአርአይ ተነሡ። ውጤቱ ለሐኪሞቻቸው የተገለጸው ግን የግማሾቹ ብቻ ነው፤ የቀሩት ምስል ተሸፍኖ ተቀመጠ። ጠቅላላው የኦፕራሲዮን መጠን ብዙ አልተለያየም። የተለየው ድንገተኛው ኦፕራሲዮን ነው፤ ምስሉ ካልታየላቸው 35 በመቶ ሲሆን፣ ከታየላቸው 19 በመቶ ሆነ። ይህ ቁጥር ከሚገባው ያነሰ ትኩረት አግኝቷል። ምስሉ ኦፕራሲዮንን አላስቀረም፤ ያስቀረው ሌሊት ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ከብዙ የምጥ ሰዓት በኋላ፣ በሩጫ የሚደረገውን ኦፕራሲዮን ነው። ለእናቲቱም ለሕፃኑም ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እርሱ ነው።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን የካናዳዋ ሜሪ ሃና የመሩት ግዙፍ ሙከራ ውይይቱን ዘጋው። በ26 አገሮች 2,088 እናቶችን ያካተተው ይህ ጥናት በ2000 ሲታተም፣ በታቀደ ኦፕራሲዮን ከተወለዱት ሕፃናት 1.6 በመቶ፣ በምጥ እንዲወለዱ ከታቀዱት ደግሞ 5 በመቶ እንደሞቱ ወይም ከባድ ጉዳት እንደደረሰባቸው ገለጸ። ልዩነቱ በድሃ አገሮች የመጣ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የሕፃናት ሞት ዝቅተኛ በሆነባቸው አገሮች እንዲያውም የጎላ ነበር። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሙከራ የዳሌ ምስል ግዴታ አልነበረም፤ የተነሡት ከዐሥር እናቶች አንዷ ያህል ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕፃናቱ እንደገና ሲታዩም በሞትና በአእምሮ እድገት መዘግየት በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ይህ ክትትል የታተመው በ2004 ነው። የአሜሪካ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ማኅበር ግን በ2001 በምጥ የማዋለድ ዕቅድ ከእንግዲህ ተገቢ አይደለም ብሎ ነበር። በ2006 አቋሙን አለዝቦ ጉዳዩን ለሐኪሙ ልምድና ለእናቲቱ ፈቃድ ተወው፤ በ2018ም ይህንኑ አጸና። በሩ በወረቀት ቢከፈትም የሚገባበት ሐኪም ጥቂት ነበር።

ፈረንሳይና ቤልጅየም የያዙት መንገድ የተለየ ነበር። በ2006 የወጣው የ8,105 እናቶች ጥናት ፕሬሞዳ ይባላል። እዚያ ከዐሥሩ እናቶች ከስምንት ለሚበልጡት ዳሌያቸው በምስል ተለክቷል፤ ምጡም በጥብቅ ይከታተሉት ነበር። በሕፃናቱ ላይ የደረሰው ሞትና ከባድ ጉዳት በምጥ ለታቀዱት 1.60፣ በኦፕራሲዮን ለታቀዱት 1.45 በመቶ ሆኖ ተቀራረበ። እርግጥ ነው፣ እናቶቹ በዕጣ አልተከፈሉም፤ በምጥ የወለዱት ተመርጠው ያለፉ ናቸው። ግን ነጥቡም ይኸው መምረጡ ነው። በፍራንክፈርት ፍራንክ ሉቬን የሚመሩት ክፍልም የበኩር ልጃቸውን ለሚወልዱ እናቶች የኤምአርአይ ልኬትን መግቢያ አደረገ፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚለካው የመተላለፊያው መግቢያ 12 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በምጥ መውለድ ይመከራል። ከዚህ ቀደም በምጥ የወለዱት ይህ ልኬት አይጠየቁም። ምስክር አላቸዋ።

በእነዚህ አገሮች ምስሉ ብቻውን ሥራውን ሠራ ማለት አይደለም። ምስሉ ትርጉም ያገኘው ውጤቱን ተቀብሎ ሕፃኑን የሚያዋልድ የሠለጠነ እጅ ስላለ ነው። በአሜሪካ የሆነው ግልባጩ ነው፤ እጁ ሲጠፋ ልኬቱም ትርጉም አጣ። ማንም በምጥ የማያዋልዳት ሴት ዳሌዋ 11 ይሁን 13 ሴንቲ ሜትር ምን ይጠቅማታል?

በ2007 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከዴንቨር ወደ አውሮራ የመዛወር ሥራውን አጠናቀቀ። የሰፈረበት ግቢ ቀድሞ ፊትዝሲሞንስ ይባል የነበረው፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 በልብ ሕመም የተኙበት የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነው። በዚያው ዓመት ከዓለም ማዶ፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ፣ የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተመሠረተ። ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ በ1959 ኢትዮጵያ ከገቡ ጀምሮ ሲጠግኑት የኖሩት ፌስቱላ የሚመጣው ሕፃኑ በዳሌው ታግዶ ኦፕራሲዮን ሳይደረስ ሲቀር ነው። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኦፕራሲዮን የተወለዱት በአገር አቀፍ ደረጃ 2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 21 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በአንድ አገር ውስጥ በቢላዋ ማጣት የሚሞቱና ቢላዋ የበዛላቸው እናቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው። አውሮራ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ሁለቱንም ታሪክ ይዛ ነው ወደ ሐኪም ቤት የምትሄደው። ኦፕራሲዮን ያላገኘች ዘመድ ታውቅ ይሆናል፤ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚሏት ጎረቤቶቿም የሚመኙላት በሰላም መገላገልን እንጂ መንገዱን አይደለም።

ስለዚህ በኢስት ኮልፋክስና በሃቫና ጎዳና አካባቢ ለምትኖር፣ የመጀመሪያ ልጇን ለምታረግዝና በ36ኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ «ሕፃኑ አልዞረም» ለምትባል ሴት የሚቀርበው የተለመደ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ጽንሱን ከሆድ ላይ በእጅ ለማዞር መሞከር ሲሆን፣ በጥቅሉ ግማሽ ያህሉ ይሳካል፤ በበኩር እርግዝና ግን ከዚያ ያንሳል። ሁለተኛው በ39ኛው ሳምንት ኦፕራሲዮን ነው። ለዚህ ሕፃን ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ የሃናን ቁጥር ያነበበች እናት እርሱን ብትመርጥ የሚነቅፋት ሊኖር አይገባም። ጥያቄው የሚነሣው ከቀጣዩ ሕፃን ነው። ሲልቨርና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባወጡት የአሜሪካ ጥናት የእንግዴ ልጁ ከማኅፀን ግድግዳ ጋር የመጣበቁ አደጋ በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን 0.24 በመቶ ነበር፤ በሦስተኛው 0.57፣ በአራተኛው 2.13 በመቶ ደረሰ። ሁለት ልጅ ወልዳ ለምታበቃ ይህ ጥቂት ነው። አራት ልጅ ለምታስብ፣ ወይም ቀጣዩን እርግዝና ደም በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ልታሳልፍ ለምትችል ሴት ግን የመጀመሪያው ውሳኔ የቀሩትን ሁሉ ይወስናል። የ1979ኙ የዴንቨር ጥናት ርእስ ከሕፃኑ ቀጥሎ እናቲቱን የጠቀሰው በከንቱ አልነበረም።

ኤምአርአይ ዛሬ በከተማዋ ብርቅ አይደለም፤ አስቸጋሪው የቀረው ነው። የሠለጠነው እጅ በየሆስፒታሉ ሊበተን አይችልም፤ በዓመት ጥቂት እንዲህ ያሉ ወሊዶች ብቻ የሚያይ ክፍል ልምዱን አያቆይም። ፍራንክፈርት የቻለችው እናቶችን ከሩቅ ወደ አንድ ቦታ ስለሰበሰበች ነው። በአሜሪካ ይህን የሚያግደው የመድን አከፋፈል ጭምር ነው፤ ከመድኗ መረብ ውጭ ወዳለ ሆስፒታል ሄዳ የምትወልድ ሴት ዋጋውን ትቀምሰዋለች። ንግግሩም ራሱ ሥራ ይጠይቃል። የፌዴራሉ የጤና ሕግ ክፍል 1557 ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ልጅን ወይም አብሮ የመጣን ዘመድ አስተርጓሚ ማድረግን ይገድባል። «ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ከ35 ወደ 19 በመቶ» የሚለውን በአማርኛ አብራርቶ ምርጫውን ለባለቤቷ መተው ግን፣ በስልክ ላይ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ልኬቱም ቢሆን እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ቁርጥ ያለ አይደለም። በ2014 ራይተርና ባልደረቦቻቸው እርጉዝ የሆኑና ያልሆኑ ሴቶችን በጀርባቸው አስተኝተው፣ ከዚያም አንበርክከው በኤምአርአይ ለኩ። ሲንበረከኩ የመተላለፊያው መሐልና መውጫ ሰፋ፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚለካው መግቢያ ደግሞ በትንሹ ጠበበ። በፍራንክፈርት እናቶቹ ተንበርክከው ወይም በአራት እግራቸው ሆነው መውለዳቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ በኢትዮጵያ ገጠርም ብዙ እናቶች ተንበርክከው ሲወልዱ ኖረዋል። የአውሮራዋ እናት ግን ዳሌዋ እንዲለካ ብትጠይቅና ብትፈቀድላት፣ ወደ ጠባቡ የማሽኑ ቱቦ የምትገባው በጀርባዋ ተኝታ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈውም የተኛች ሴት ልክ ነው።